ዘውድ ያልደፉ ቡጢኞች
(የመጨረሻ ክፍል ተማሪ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ያደረገው ንግግር)



ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን በዓል በምናከብርበት በዚህ ሰሞን ከየክፍሉ የተመረጡ ተማሪዎች ንግግር እንዲያደርጉ ታዘዋል። ከእኔ በፊት የቀረቡት አንዱ ስለ እርሻ፣ አንዱ ስለ ጤና አጠባበቅ፣ አንዲቱም ስለ ሴቶች ትምህርት መልካም መልካም ነገር አሰምተውናል። እኔ ግን ስለ ቦክስ ለመናገር ተነሥቻለሁ።

ይህን ስል ከወላጆች መካከል ግንባራቸውን የሚቋጥሩ ይኖራሉ። «ልጃችንን የላክነው ፊደል እንዲቆጥር ነው እንጂ ቡጢ እንዲማር ነውን?» ቢሉ አይፈረድባቸውም። እኔም ማንም ማንንም ይምታ ለማለት አልመጣሁም። የመጣሁት አንድ ጥያቄ ይዤ ነው። የአሸናፊዎች ስም የተጻፈበት መዝገብ የታላላቆች ሁሉ መዝገብ ነውን? ከመዝገቡ የቀረ ሰው የቀረው ስላልበቃ ነውን ወይስ በር ስለ ተዘጋበት? ይህን ጥያቄ እንደ ቦክስ ታሪክ አፍረጥርጦ የሚያሳይ ሌላ ጨዋታ አላገኘሁም።

በንግግሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላስታውቅ።

በመጀመሪያ ቦክስ ከሌላው ጨዋታ የሚለይበትን ነገር እንመልከት። በሩጫ ጊዜ ዳኛው ሰዓት ነው። አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ለማራቶን ሲሰለፍ ከተመልካቹ ብዙው አያውቀውም ነበር። ይሁን እንጂ «ከዚህ ሰው ጋር አንሮጥም» ብሎ ሊያስቀረው የቻለ ሯጭ አልነበረም። ከመስመሩ ላይ ቆመ፤ ሮጠ፤ ቀደመ። ነገሩ በዚያው አለቀ።

የቦክስ ነገር ግን እንደዚህ አይደለም። የዓለም ሻምፒዮን የተባለው ሰው ማዕርጉን እንደ ርስት ይዞት ይኖራል። ማዕርጉን ሊነጥቀው የሚመጣውን ሰው ብዙውን ጊዜ የሚመርጠው እርሱ ራሱ ነው። ከእርሱም ጋር ጉዳዩን የሚያስፈጽምለት ሰው፣ ግጥሚያውን የሚያሰናዳው ነጋዴና ፈቃድ የሚሰጠው ሹም አሉ። እነዚህ ሰዎች ውል ካልፈረሙ ግጥሚያ የለም። ግጥሚያ ከሌለ ደግሞ ድል የለም። ስለዚህ አንድ ቡጢኛ እጅግ ጎበዝ ከመሆኑ የተነሣ ማዕርግ ሳያገኝ ሊቀር ይችላል። ጎበዝነቱ ራሱ ጠላት ይሆንበታል ማለት ነው። በዚህ ላይ የቆዳው ቀለም ጥቁር ከሆነ በሩ ሁለት ቁልፍ ይኖረዋል።

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ፒተር ጃክሰን እነግራችኋለሁ። ይህ ሰው በ1861 ገደማ ያን ጊዜ በዴንማርክ መንግሥት ሥር በነበረችው በሴንት ክሮይ ደሴት፣ በካሪቢያን ባሕር ውስጥ ተወለደ። በወጣትነቱ ወደ አውስትራልያ ሄዶ በሲድኒ ከተማ ላሪ ፎሊ ከተባለ ስመ ጥር አስተማሪ የቦክስን ጥበብ ተማረ። በ1886 የአውስትራልያ ከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆነ። ከዚያም በ1888 ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በዚያ ዘመን የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ጆን ኤል ሱሊቫን «ከጥቁር ሰው ጋር አልጋጠምም» ብሎ በግልጥ አስታውቆ ነበር። ጃክሰን ከአገር አገር እየተዘዋወረ ያገኘውን ሁሉ ቢያሸንፍም የሱሊቫን በር አልተከፈተለትም።

በግንቦት ወር 1891 ግን ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ጄምስ ኮርቤት ከተባለ ነጭ አሜሪካዊ ወጣት ጋር ተገናኘ። ሁለቱ 61 ዙር ተጋጠሙ። ልብ በሉ፤ ዛሬ ለዓለም ማዕርግ የሚደረገው ግጥሚያ 12 ዙር ብቻ ነው። አራት ሰዓት ያህል ከተደባደቡ በኋላ እጃቸውን ማንሣት አቃታቸው። ዳኛውም አሸናፊ ሳይለይ ግጥሚያውን አቆመው። በሚቀጥለው ዓመት በመስከረም ወር ያው ኮርቤት ሱሊቫንን በ21ኛው ዙር ዘርሮ የዓለም ሻምፒዮን ተባለ። እንግዲህ አስተውሉ፤ ኮርቤት ሊያሸንፈው ያልቻለው ሰው ፒተር ጃክሰን ነበር። ኮርቤት ግን ሱሊቫንን የመግጠም ዕድል አገኘ፤ ጃክሰን አላገኘም። የአንዱ ስም በትምህርት መጻሕፍት ሳይቀር ተጻፈ፤ የሌላው ተረሳ።

ጃክሰን በ1892 ለንደን ላይ ፍራንክ ስላቪንን ድል ባደረገ ጊዜ እንግሊዞች በጨዋነቱ እጅግ አደነቁት። ነገር ግን አድናቆት እንጀራ አይሆንም። ኋላ የሳንባ ነቀርሳ ያዘውና በ1901 በአውስትራልያ፣ ሮማ በምትባል የኩዊንስላንድ ከተማ ዐረፈ። ዕድሜው አርባ ዓመት ያህል ነበረ።

ሁለተኛው ሳም ላንግፎርድ ነው። በ1880ዎቹ ውስጥ በካናዳ፣ ኖቫ ስኮሺያ በሚባለው አውራጃ፣ ዌይማውዝ ፎልስ በምትባል መንደር ተወለደ። ገና ልጅ ሳለ ከቤቱ ወጥቶ ቦስተን ገባ። በዚያም መድኃኒት ሻጭና የቦክስ ክበብ ባለቤት የነበረው ጆ ውድማን አገኘውና ረዳው። ላንግፎርድ ቁመቱ አጭር ነበረ፤ ከአንድ ሜትር ከሰባ ብዙ አይበልጥም። ክንዱ ግን ረጅም፣ ትከሻው ሰፊ ነበረ።

ይህ ሰው ያደረገው ነገር ሲነገር ተረት ይመስላል። በታኅሣሥ 1903 ገና በአሥራዎቹ መጨረሻ ወይም በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ሳለ የቀላል ሚዛን የዓለም ሻምፒዮን የነበረውን ታላቁን ጆ ጋንስን በነጥብ አሸነፈ። ላንግፎርድ ከተወሰነው ሚዛን በላይ ስለ ነበረ ማዕርጉ ለውድድር አልቀረበም። በ1904 ከዌልተር ሚዛን ሻምፒዮኑ ከባርቤዶሱ ጆ ዎልኮት ጋር 15 ዙር ተጋጥሞ እኩል ተለያየ። በ1906 ደግሞ ከጃክ ጆንሰን ጋር ገጠመ። ጆንሰን ከእርሱ በ13 ኪሎ ያህል ይከብድ ነበር። ላንግፎርድ በነጥብ ቢሸነፍም 15 ዙር ሙሉ ቆሞ ጨረሰ።

ጆንሰን በ1908 ሲድኒ ላይ ቶሚ በርንስን አሸንፎ የመጀመሪያው ጥቁር የከባድ ሚዛን የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። እኛ አፍሪካውያን ይህን ስንሰማ ደስ ይለናል። ሆኖም ጆንሰን ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ ለላንግፎርድ አንድም ጊዜ የመግጠሚያ ዕድል አልሰጠውም። ነጮቹ በቀለሙ ምክንያት ዘጉበት፤ የቀለም ወንድሙም በሌላ ምክንያት ዘጋበት። የጥቁርና የጥቁር ግጥሚያ ገንዘብ አያመጣም ይባል ነበር፤ ላንግፎርድም አደገኛ ነበረ። ስለዚህ ግፍ ሁልጊዜ ከአንድ ወገን ብቻ ይመጣል ብለን እንዳናስብ ይህ ታሪክ ያስጠነቅቀናል። በር ጠባቂ የሆነ ሰው ሁሉ፣ ትናንት ተዘግቶበት የነበረ እንኳ ቢሆን፣ በሩን መዝጋት ሊለምድ ይችላል።

ላንግፎርድ የሚገጥመው ሲያጣ እንደ እርሱ ከተገፉት ጥቁር ቡጢኞች ጋር ደጋግሞ ተደባደበ። ከሃሪ ዊልስ ጋር ብቻ ከ15 ጊዜ በላይ ተገናኝቷል። የተመዘገቡለት ግጥሚያዎች ከ200 በላይ ናቸው። በዚህ ሁሉ ድብደባ ዓይኑ እየፈዘዘ ሄደ። በ1923 ማየት ተስኖት ሳለ እንኳ ሜክሲኮ ላይ ተጋጥሞ አሸንፏል። ከዚያ በኋላ ፈጽሞ ታወረ፤ ሰዎችም ረሱት።

በ1944 አል ሌኒ የተባለ የኒው ዮርክ ጋዜጠኛ ስለ ላንግፎርድ ለመጻፍ ፈልጎ ይጠይቅ ጀመር። ያገኛቸው ሰዎች «ሞቷል» ብለው መለሱለት። ጋዜጠኛው ግን መጠየቁን አልተወም። በመጨረሻ ሃርለም በተባለው ሰፈር፣ በአንዲት ጨለማ ክፍል ውስጥ ዓይነ ስውር፣ ድሀና ብቸኛ ሆኖ አገኘው። ታሪኩን በጋዜጣ ላይ በጻፈው ጊዜ ከብዙ ሰዎች ገንዘብ ተዋጣለትና ላንግፎርድ የቀረውን ዕድሜውን ሳይራብ ኖረ። በጥር ወር 1956 በማሳቹሴትስ ዐረፈ።

ይህን ሰው ከጨለማ ያወጣው ምን እንደ ሆነ ተመልከቱ። የመንግሥት ሹመት አልነበረም፤ የባለጸጋ ስጦታም አልነበረም። «ሞቷል» የሚለውን መልስ እንደ ሰማ ዝም ብሎ ያልተቀበለ አንድ ጠያቂ ነበር።

የላንግፎርድ ባላጋራ የነበረው ሃሪ ዊልስም ከእርሱ የተሻለ ዕድል አልገጠመውም። በ1889 ኒው ኦርሊንስ ውስጥ የተወለደው ዊልስ ከ1919 እስከ 1926 ሻምፒዮን የነበረውን ጃክ ዴምፕሲን ለመግጠም ለብዙ ዓመታት ተከራከረ። በ1925 ውል እስከ መፈረም ተደርሶ ነበር። ግጥሚያው ግን ሳይደረግ ቀረ። ዊልስ በመያዣ የተሰጠውን 50,000 ዶላር ይዞ፣ የሚመኘውን ሳያገኝ ዕድሜው ገፋ። ጃክ ጆንሰን በ1915 ማዕርጉን ከተነጠቀበት ጊዜ ጀምሮ ጆ ልዊስ በ1937 እስኪቀርብ ድረስ ለ22 ዓመታት አንድም ጥቁር ቡጢኛ ለከባድ ሚዛን ማዕርግ እንዲገጥም አልተፈቀደለትም። ሃያ ሁለት ዓመት የአንድ ቡጢኛ ሙሉ ዕድሜ ነው፤ እንዲያውም የሁለት ቡጢኞች ዕድሜ ነው።

አሁን ወደ ሦስተኛው ሰው ልለፍ። ስሙ ቻርሊ በርሊ ይባላል። ከእናንተ መካከል ይህን ስም የሰማ ያለ አይመስለኝም። በ1917 በፔንሲልቬኒያ የተወለደ ሲሆን ያደገው በፒትስበርግ ከተማ ነው። ገና ወጣት ሳለ በ1936 ለበርሊን ኦሊምፒክ ምርጫ እንዲቀርብ ቢጠየቅ የናዚዎችን የዘር ጥላቻ በመቃወም እንቢ አለ። በዚያ ፈንታ የናዚዎችን ኦሊምፒክ የተቃወሙ ሰዎች በስፔን አገር ባርሴሎና ላይ ወዳሰናዱት ውድድር ሄደ። እዚያ ሲደርስ የእርስ በርስ ጦርነት ተነሣና ውድድሩ ተሰረዘ። እንግዲህ ይህ ወጣት ለኅሊናው ብሎ አንዱን ዕድል ተወ፤ ሁለተኛውን ደግሞ ጦርነት ወሰደበት።

በርሊ መቶ ገደማ ጊዜ ሲጋጠም አንድም ጊዜ እንኳ በዝረራ አልተሸነፈም። በሚያዝያ ወር 1944 ሆሊውድ ላይ አርቺ ሙርን ገጠመ። በዚያን ጊዜ በርሊ በአውሮፕላን ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ ነበር፤ ለግጥሚያውም የተጠራው በድንገት ነው። ሆኖም በክብደት የሚበልጠውን ሙርን ደጋግሞ ከመሬት ጣለውና በነጥብ አሸነፈው። አርቺ ሙር ኋላ በ1952 የቀላል ከባድ ሚዛን የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ ለብዙ ዓመታት የነገሠ ሰው ነው። ይህ ሙር በዕድሜው ከገጠማቸው ሁሉ የሚበልጠው በርሊ መሆኑን ከአንድ ጊዜ በላይ መስክሯል። ሻምፒዮኖችን ያሠለጠነው ኤዲ ፈችም ያየሁት ሁለገብ ቡጢኛ በርሊ ነው ይል ነበር።

ታዲያ ለምን ሻምፒዮን አልሆነም? አንደኛ፣ ጥቁርና አስቸጋሪ ስለ ነበረ ባለማዕርጎቹ ሸሹት። ሁለተኛ፣ የመካከለኛ ሚዛን ሻምፒዮኑ ቶኒ ዜል በጦርነቱ ምክንያት ባሕር ኃይል ገብቶ ስለ ነበር ማዕርጉ ከ1942 እስከ 1946 ለውድድር ሳይቀርብ ቆየ። እነዚያ ዓመታት የበርሊ ጉልበት የጎለመሰባቸው ዓመታት ነበሩ። ሦስተኛ፣ ግጥሚያ የሚያሰናዱት ነጋዴዎች የሚታዘዝላቸውን ቡጢኛ ይመርጡ ነበር። እንደ በርሊ ያሉት ሆልማን ዊልያምስና ሎይድ ማርሻል የመሳሰሉት ጎበዞች በር ሲዘጋባቸው እርስ በርሳቸው ተፋጁ። በርሊና ሆልማን ዊልያምስ ብቻ ሰባት ጊዜ ተጋጥመዋል። በርሊ በ1950 ጓንቱን ሰቀለና በፒትስበርግ ከተማ ቆሻሻ በማንሣት ሥራ ተቀጥሮ ልጆቹን አሳደገ። ካናስቶታ ላይ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የቦክስ የዝነኞች አዳራሽ ስሙን በክብር የጻፈው በ1992 ነው። በዚያው ዓመት ሞተ።

እስካሁን ማዕርግ ስላልደረሳቸው ሰዎች ተናገርሁ። ማዕርግ አግኝተው የተረሱም አሉ።

ብዙዎቻችሁ የጆ ልዊስን ስም ታውቃላችሁ። በሰኔ ወር 1935 ሙሶሊኒ አገራችንን ለመውረር ሲዘጋጅ፣ ልዊስ ኒው ዮርክ ላይ ግዙፉን ጣሊያናዊ ፕሪሞ ካርኔራን በስድስተኛው ዙር አሸንፎታል። በዚያን ቀን የአሜሪካ ጥቁሮች ነገሩን የኢትዮጵያና የኢጣልያ ጉዳይ አድርገው ተመልክተውት ነበር። እንግዲህ ልዊስ እንዲህ የተወደደ ሰው ነበር። ይህን የተወደደ ሰው ያሸነፈ ምን ይደርስበታል?

በመስከረም ወር 1950 ልዊስን በ15 ዙር በነጥብ ያሸነፈው ኤዘርድ ቻርልስ ነው። ቻርልስ በ1921 በጆርጂያ ተወልዶ በሲንሲናቲ ከተማ ያደገ ሰው ነው። ገና የሃያ ዓመት ወጣት ሳለ በ1942 ያንን ቻርሊ በርሊን ሁለት ጊዜ አሸንፎታል። አርቺ ሙርን ደግሞ ሦስት ጊዜ፣ ይኸውም በ1946፣ በ1947 እና በ1948 ድል ነሥቶታል። ሆኖም በዚህ ሚዛን ለዓለም ማዕርግ እንዲገጥም አልተፈቀደለትም።

በ1948 ሳም ባሩዲ የተባለ ወጣት ከእርሱ ጋር ከተጋጠመ በኋላ ሞተ። ቻርልስ በኀዘን ቦክስን ሊተው አስቦ ነበር። ተመልሶ ቢገባም ከዚያ ወዲያ እንደ ቀድሞው በጭካኔ አልመታም ብለው ያዩት ሰዎች ጽፈዋል። ይህን ነገር ወላጆች እንዲያስታውሱት እፈልጋለሁ፤ ቦክስ አደገኛ ጨዋታ መሆኑን ልሸሽግ አልወድም።

ቀላል ከባድ ሚዛን ሲዘጋበት ወደ ከባዱ ሚዛን ወጥቶ በ1949 ጀርሲ ጆ ዎልኮትን አሸንፎ ማዕርግ ያዘ። ልዊስንም ሲያሸንፍ ሕዝቡ አላጨበጨበለትም፤ የሚወዱትን አባት የደበደበ ልጅ ያህል ጠሉት። በ1951 ማዕርጉን ተነጠቀ። በ1954 ግን ሮኪ ማርሲያኖን ሁለት ጊዜ ገጠመ። ማርሲያኖ በዕድሜው አንድም ጊዜ ያልተሸነፈ ሰው ነው። ከእርሱ ጋር 15 ዙር ሙሉ ቆሞ የጨረሰ ቡጢኛ ግን ኤዘርድ ቻርልስ ብቻ ነው። በሁለተኛው ግጥሚያ የማርሲያኖን አፍንጫ ሰንጥቆት ነበር፤ ሆኖም በስምንተኛው ዙር ተዘረረ። ኋላ ሰውነትን የሚያሰልል የነርቭ በሽታ ያዘውና በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ ኖረ። በ1975 ቺካጎ ላይ ሞተ። ቻርልስ የተረሳው በሌላ መንገድ ነው፤ ከአንድ ታላቅ ስም በኋላና ከሌላ ታላቅ ስም በፊት በመምጣቱ በሁለቱ ጥላ ተሸፈነ።

ከአህጉራችንም ሁለት ሰዎች ልጥራ። አንደኛው በ1897 በሴኔጋል፣ ሴን ልዊ ከተማ የተወለደው ባትሊንግ ሲኪ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለፈረንሳይ ተዋግቶ በጀግንነቱ ሜዳልያ ተሸልሟል። በመስከረም ወር 1922 ፓሪስ ላይ የፈረንሳዮችን ጣዖት ጆርጅ ካርፓንቲዬን በስድስተኛው ዙር ዘረረው። ዳኛው በመጀመሪያ «ሲኪ በእግሩ ጠልፎታል» ብሎ ድሉን ሊነሣው ቢሞክር ሕዝቡ ጮኸ፤ ፈራጆቹም ድሉን ለሲኪ መለሱለት። በዚህም የቀላል ከባድ ሚዛን የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ጋዜጦች ግን ስለ ድሉ በመጻፍ ፈንታ ከዱር አውሬ ጋር እያመሳሰሉ ቀለዱበት። ለጀግንነቱ የሸለሙት ሰዎች አገር ልጆች ናቸው ይህን ያደረጉት። በ1925 ኒው ዮርክ ውስጥ በጥይት ተገደለ፤ ዕድሜው 28 ዓመት ነበረ። ዐፅሙ ወደ ትውልድ ከተማው የተመለሰው በ1993 ነው።

ሁለተኛው ናይጄሪያዊው ዲክ ታይገር ነው። እውነተኛ ስሙ ሪቻርድ ኢሄቱ ይባላል፤ በ1929 በአማይግቦ ተወለደ። በ1955 እንግሊዝ አገር ሲገባ የመጀመሪያዎቹን አራት ግጥሚያዎች በተከታታይ ተሸነፈ። ሌላ ሰው ቢሆን ጓዙን ጠቅልሎ ይመለስ ነበር። እርሱ ግን ቀን የቀን ሥራ እየሠራ፣ ማታ እየተለማመደ ጸና። በ1962 ጂን ፉልመርን አሸንፎ የመካከለኛ ሚዛን ሻምፒዮን ሆነ። በነሐሴ ወር 1963 ደግሞ ኢባዳን ላይ በገዛ ወገኖቹ ፊት ፉልመርን ደግሞ አሸነፈው። ማዕርጉን አጥቶ በ1965 መለሰው። እንደገና አጥቶ በ1966 ከእርሱ በሚከብዱት ላይ ወጥቶ ሆሴ ቶሬስን በማሸነፍ የቀላል ከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆነ። በቢያፍራ ጦርነት ጊዜ እንግሊዞች ለናይጄሪያ መንግሥት በመርዳታቸው ተቈጥቶ የሰጡትን ኒሻን መለሰላቸው። ቦክስን ከተወ በኋላ ኒው ዮርክ ውስጥ በአንድ ታላቅ ሙዚየም ዘበኛ ሆኖ ሠራ። በ1971 በጉበት ካንሰር በአገሩ ሞተ። የሁለት ሚዛን የዓለም ሻምፒዮን የነበረ ሰው በሥዕል ፊት ቆሞ ሲጠብቅ፣ ከሚያልፉት ጎብኚዎች ስንቱ ዐውቆት ይሆን?

የተከበራችሁ አድማጮቼ፤

አሁን አንድ ሰው ተነሥቶ «እነዚህ ሰዎች በእውነት ታላላቅ ከሆኑ ለምን ተሸነፉ? ላንግፎርድ በጆንሰን፣ በርሊም በቻርልስ ተሸንፎ የለምን?» ሊለኝ ይችላል። ጥያቄው ትክክል ነው፤ ልመልስለትም ይገባኛል። የተረሳ ሰው ሁሉ ታላቅ ነው አልልም። አንዳንዱ የተረሳው በሚገባ ነው። ያለ ሚዛን የሚያመሰግን ሰው ያለ ሚዛን ከሚነቅፈው አይሻልም። ስለዚህ አንድን ቡጢኛ ስንመዝን አራት ነገር እንጠይቅ። ከእነማን ጋር ገጠመ? በምን ክብደትና በምን ዕድሜ ገጠመ? ብርቱዎችን ፈለገ ወይስ ሸሸ? ገጥመውት የቀመሱት ሰዎች ስለ እርሱ ምን ብለው መሰከሩ? በነዚህ አራት ጥያቄዎች ሲመዘኑ የጠራኋቸው ሰዎች አይቀሉም። ላንግፎርድ በጆንሰን ቢሸነፍም ከእርሱ በ13 ኪሎ ያህል ከሚከብድ ሰው ጋር ነው። በርሊም በቻርልስ ቢሸነፍ፣ ያሸነፈው ሰው ኋላ ጆ ልዊስን ያሸነፈው ነው። ከሁሉም በላይ ግን አንዳቸውም ብርቱ ሰው አልሸሹም፤ የሸሹት ሌሎች ናቸው።

አባቶቻችን «ሙያ በልብ ነው» ይላሉ። ደግሞም «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላሉ። ሁለቱም እውነት ነው። ነገር ግን ንጋት በራሱ ይጠራል፤ እውነት ግን የሚያጠራት ሰው ትፈልጋለች። አል ሌኒ ባይጠይቅ ኖሮ ሳም ላንግፎርድ በዚያች ጨለማ ክፍል ውስጥ ይሞት ነበር፤ እኛም ዛሬ ስሙን አናነሣም ነበር።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ይህ ነገር እኛንም ይነካናል። በዚህ የበዓል መጽሔት ውስጥ በፈተና አንደኛ የወጡት፣ በሩጫና በእግር ኳስ ዋንጫ ያገኙት ስማቸው ይጻፋል። መጻፉም ተገቢ ነው፤ ደክመውበታልና። ነገር ግን በዚህ ትምህርት ቤት ውስጥ ማለዳ ውኃ ቀድታ፣ ታናናሾቿን አብልታ፣ አንድ ሰዓት በእግሯ ተጉዛ የምትመጣ ልጅ አለች። ውጤቷ አምስተኛ ወይም ስድስተኛ ነው። እርሷንና መብራት ባለበት ቤት የሚያጠናውን ልጅ በአንድ ክብደት የመዘነ ማነው? አንደኛው አይመስገን አልልም። አምስተኛዋ በምን ሚዛን እንደ ገጠመች ይታወቅላት እላለሁ።

ከእኛም መካከል በየሙያው ወጥተን በር ጠባቂ የምንሆን እንኖራለን። አንዱ መምህር፣ አንዱ ዳኛ፣ አንዱ ሠራተኛ ቀጣሪ ይሆናል። ያን ጊዜ የሚበልጠንን ሰው ፈርተን እንደ ሱሊቫን በር እንዳንዘጋ፣ እኛ ከገባን በኋላም እንደ ጆንሰን መልሰን እንዳንቆልፍ ከዛሬ ጀምሮ እናስብበት።

በመጨረሻም አንድ ሐሳብ ላቅርብ። በሚመጣው የዕረፍት ጊዜ እያንዳንዳችን በየሰፈራችን ታላቅ ሥራ ሠርቶ ያልተመዘገበ አንድ ሰው እንፈልግ። አርበኛ ሊሆን ይችላል፤ ድልድይ የሠራ ግንበኛ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ሕፃናት ያዋለደች እናት ልትሆን ትችላለች። ጠይቀን ስሙን፣ ሥራውንና ዘመኑን በአንድ ገጽ እንጻፍና ለቤተ መጻሕፍታችን እናስረክብ። «ሞቷል» ቢሉንም ደግመን እንጠይቅ።